ጋሼ ወንዝ ዳር ሲያዞረኝ የዋለበት እሑድ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያ አምስት፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ እሑድ ቀን ነበር። ስም አልጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል።

ይህን ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። በቀደም የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ጉዞ ተመልሳ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማዋን በር ላይ ጥላው ገባች። ጨውና የበሰበሰ ሣር የሚሸት ጥቁር ጭቃ ነው። ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ካልሆነ እንዲህ ያለ ጭቃ የለም። ጫማውን ወደ ውጭ አውጥቼ በሩን ዘጋሁት። ሽታው ግን ቤት ውስጥ ቀረ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወላጆቻችን ናዝሬት ናቸው፤ እኔ ፈረንጅ አገር፣ ሬንተን በምትባል ከተማ ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር እኖራለሁ። በብዙ ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነበር የምለው። አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራል፤ ሲገባ ይበላል፣ ቴሌቪዥን ፊት ይተኛል። እኔን ይዞ የትም ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ ያን ጠዋት "ተነሺ፣ ዛሬ አየር እንቀበላለን" ሲለኝ ደስ አለኝ። ሚስቱ የራሷን ወፍራም ካፖርት አምጥታ አለበሰችኝ፤ እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ። እንዲህ አድርጋልኝ አታውቅም ነበር።

ማውንትሌክ ቴራስ የምትባለውን ከተማ አልፈን ወደ ሰሜን ብዙ ነዳን። አንድ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ቦታ፣ እርሻ ዳር ፓርክ አደረገና እርሻውን ከውኃ በሚከልለው የአፈር ክትር ላይ መሄድ ጀመርን። ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ የቀረው ጭቃ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። እርሻው ላይ የሰፈሩት ነጫጭ ዝይዎች አንድ ላይ ሲነሡ ጩኸታቸው ሌላ ነገር አያሰማም።

መጀመሪያ ሮጥኩ፣ ሳቅሁ። "እንደ ዳክዬ አትንቦጫረቂ፤ ካፖርቱ የሰው ነው" አለኝ። ቆይቶ ብርዱ ገባኝ።

"ጋሼ፣ እንመለስ።"

"ገና ነው።"

"እግሬ ደነዘዘ እኮ።"

"ታዲያ ምን ያጣድፍሻል? እዚያ እስከሚታየው ዛፍ ድረስ።"

ዛፉ ጋ ስንደርስ ሌላ ዛፍ አሳየኝ። ሰዓቱን ያያል፤ በእጅጌው ይሸፍነዋል፤ እንደገና ያያል። ጓንቱን አውልቆ ሰጥቶኝም ነበር። እሱንም አልረሳሁም።

ከመስከረም ወዲህ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። እንደውል ባልኩ ቁጥር የናዝሬት መስመር ተበላሽቷል ይለኛል። ያን ቀን ብቻውን ስላገኘሁት አልለቀቅሁትም።

"የእማዬ እግር ስንት ቁጥር ነው? የሚሞቅ ጫማ አይቼላታለሁ።"

"እንጃ።"

"ልጇ አይደለህ? እንዴት አታውቅም?"

ሰዓቱን አየ።

"እንግዲያው ዛሬ ማታ ደውለን ራሷን እንጠይቃት።"

ወደ ዝይዎቹ ዞሮ ቆመ። "ኦኬ" አለ። "ማታ።"

ይቅር ያላልኩት ይህችን ቃል ነው።

ስንመለስ ነዳጅ ማደያ ጋ ቆመ። "አንድ ኮል ላድርግ" ብሎ ወደ ሕዝብ ስልኩ ሄደ። በመስታወቱ አየሁት፤ ብዙ አላወራም። መጥቶ "አሁን እንሂድ" አለኝ። ሬንተን እስክንደርስ እጆቼን ማሞቂያው ላይ ዘርግቼ፣ ስለ ዝይዎቹ ለእማዬ እንዴት አድርጌ እንደማወራላት ስነግረው ነበር።

ሳሎኑ ሞልቶ ጠበቀን። የጎረቤት ወንበሮች ገብተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ወጥ ቤት ትልቅ ድስት ተጥዷል። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት እጄን ይዘው "ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። ሳይነግሩኝ ገባኝ። እናቴ ከሞተች ሦስት ወር አልፏታል። እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ "እናቴ ደህና ናት" ስላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ያሉኝ ሰዎች ጭምር።

አገር ቤት መርዶ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። እዚህ ሰው ሁሉ ፈረቃ ስላለበት ለእሑድ ከሰዓት ተቀጠረ። ወንበሩ እስኪገባ፣ ወጡ እስኪሠራ እኔን ከቤት ማራቅ የወንድሜ ድርሻ ሆነ።

ልጄ በእንግሊዝኛ "ለአንቺው አስበው እኮ ነው" ትለኛለች። ይሆናል። ትምህርቴ እንዳይሰናከል፣ ብቻዬን ሆኜ እንዳልሰማ ብለው ነው ይባላል። ነገር ግን ለሞተች ሴት ጫማ ስመርጥ እያየ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ስስቅ እያየ ዝም ያለ ሰው ምን እንዳሰበልኝ ያስረዳኝ የለም። እሱን ጠየቅሁት፤ "ወጉ ነው" አለኝ። ሁለተኛ ስጠይቀው ተነሥቶ ወጣ።

ከአራት ዓመት በኋላ አባታችን ሲሞት ከናዝሬት የተደወለው ለእኔ ነው። ያኔ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ብቻዬን ክፍል ተከራይቼ ነበር። ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት። "ቅዳሜ ሰው እንሰብስብ፤ እስከዚያ እንዳትነግሪው" አለችኝ። እሺ አልኳትና ፋብሪካው ደውዬ ከሥራው አስጠራሁት።

"አባባ ትናንት ሞተ" አልኩት።

ከኋላው ማሽን ይጮኻል። "አጠገብሽ ማን አለ?" አለኝ።

"ማንም የለም" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።