በጾም የዋጥኳት ክኒን

ትናንት ለራስ ምታት አንዲት ክኒን ስውጥ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ቆመች። ብዙ አልቆየችም፤ ውሃ ደግሜ ስጎነጭላት ወረደች። ምላሴ ላይ የቀረው መራራ ዱቄት ግን ዌስተርቪል ወደነበርንበት ቤት፣ ሣርና የሰው እግር ብቻ የምታሳይ ትንሽ መስኮት ወዳለችው የቤዝመንት ክፍሌ መለሰኝ። ልንገርሽ፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። የምኖረው ከእትዬና ከባላቸው ከጋሼ ጋር ነበር። እትዬ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው። በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ሠርተው ቤት የገዙ፣ አንዲት ሴት ልጅ እዚሁ ወልደው ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር፤ ትምህርቱ በኮምፒውተር ስለሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ፎቅ ላይ ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። እኔ ጋሃና በምትባለው የከተማዋ ዳርቻ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ልብስ እያጠፍኩ ካርቶን ውስጥ እጨምር ነበር። ጋሼ የኤርፖርቱ ፓርኪንግ ላይ ስለሚሠሩ ጠዋት በመንገዳቸው ያደርሱኛል። ስመለስ ደግሞ ሥራ ላይ አጠገቤ የምትቆመው ልጅ በመኪናዋ ታመጣኛለች።

ዘመኑ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ የሚሄድበት ነበር። ሌላው ሰው በማስኩ ተማረረ። እኔ ወደድኩት። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ በተማርኩባቸው ዓመታትም አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ ሰው ካየኝ አንገቴ ላይ ሙቀት ይወጣል። ማስኩ ዓይኔን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ደበቀልኝ። ያቺ አጠገቤ የምትቆም ልጅ ስምንት ወር ሙሉ አገጬን አላየችውም።

ግን ከማስኩ ሥር ሙቀትና ላብ ተጠራቅሞ ፊቴ በብጉር ተወረረ። ትንንሽ አልነበሩም፤ መግል የቋጠሩ፣ ሲነኳቸው እስከ ጆሮ የሚጠዘጥዙ ነበሩ። ማስኩን ሳወልቅ ውስጡ ላይ የደም ጠብታ አያለሁ። ቤት ስገባም ማውለቁን ተውኩት። እትዬ ሁለት ወር ዝም ብለው አዩኝና አንድ ቀን የመኪና ቁልፍ ይዘው ቤዝመንት ድረስ ወረዱ።

«ተነሽ፣ ልበሺ።»

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ፊትሽ እንዳንቺ ዓይን አፋር መሰለኝ፣ ካልጎተቱት አይወጣም» አሉና ሳቁ።

አፐር አርሊንግተን ወዳለች የቆዳ ሐኪም ወሰዱኝ። በኮሮናው ምክንያት አጃቢ አይገባም ስለተባለ እትዬ መኪና ውስጥ ቀሩ። ክፍሉ የአልኮል ጠረን ነበረው። ሐኪሟ ትናገራለች፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ ውስጥ አንዲት ሴት ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። «ዶክሲሳይክሊን ይባላል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት። ምግብ በልተሽ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ከዋጥሽ በኋላ ወዲያው እንዳትተኚ። ፀሐይ ተጠንቀቂ። ከወተትና ከእርጎ ጋር አይወሰድም።» ሁሉንም በጭንቅላቴ ያዝኩ። የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማልችል መያዝ ነበረብኝ።

መኪና ውስጥ እትዬ «ምን አለችሽ?» አሉኝ።

«ጠዋትና ማታ አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«ወተት አትጠጪ።»

«እሱስ ጾም ሊገባ ነው» አሉና መኪናውን አስነሡ።

የምግቡን አልነገርኳቸውም። ዐቢይ ጾም የሚገባው በሚቀጥለው ሰኞ ነበር። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር እጾማለሁ። ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። ግን ብጉር በሽታ ነው? የንስሐ አባቴ ዘንድ ደውዬ «አባ፣ ፊቴ እንዲጠራ ጠዋት ልብላ» ልበል? እትዬስ ምን ይሉኛል?

ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ነበረች። ይህቺን ሰዓት እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ከሥራ ስመለስ እትዬ ከሚያስታምሟት አሮጊት ቤት ቀድመውኝ ገብተው ይጠብቁኛል። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በኩሽናው መስኮት ገብታ የጠረጴዛውን ግማሽ ትይዛለች። የምስር ወጥ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሁለታችንም የምድጃውን ሰዓት እያየን ቆመን እንጠብቅና፣ ሲደርስ እትዬ አማትበው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ያጎርሱኛል። ከዚያ እያወራን እንበላለን። እኔ እንኳን አወራ ነበር። እዚህ አገር ሳልፈራ የማወራበት ቦታ ያ ወንበር ብቻ ነበር፤ ለብጉር ስል እንዲነሣብኝ አልፈለግሁም።

ስለዚህ መላ መታሁ። ጎህ ሳይቀድ እነሣና ክኒኗን በአንድ ጉንጭ ውሃ ብቻ እውጣለሁ። ለመድኃኒት የምትሆን አንዲት ጉንጭ እግዜር ይቅር ይለኛል፤ ሙሉ ብርጭቆ ግን ጾም መፍታት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጋሼ እስኪጠሩኝ ብርድ ልብሴ ውስጥ ተመልሼ እጋደማለሁ።

ከሳምንት በኋላ መኪና ውስጥ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። መስኮት ዝቅ ሳደርግ ጋሼ በመስታወቱ አዩኝ።

«ምነው?»

«አየር ልቀበል ብዬ ነው ጋሼ።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ የኦሃዮን ብርድ ፊት ለፊት አልገጥምም፤ ዝጊልኝ።»

ዘጋሁት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ክኒኗ ደረቴ መሐል የቆመች መሰለኝ። እሷ እንደቆመች ዋልኩ። በማግሥቱ ምራቄን ስውጥ ፍም የምውጥ ያህል አቃጠለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ሲያጎርሱኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጉርሻውን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ቆየሁ።

«ብዪ እንጂ።»

«ጠግቤ ነው እትዬ።»

«ከየት የጠገብሽው? ጾምሽን አልዋልሽም እንዴ?»

«ጉሮሮዬን ያመኛል፤ ደረቴንም» አልኳቸው። እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ሲነሣ፣ ፊታቸውም ሲለወጥ አየሁ። ጉሮሮ ማመም፣ ደረት ማመም፣ ምግብ አለመፈለግ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያስበውን አሰቡ። ጋሼ ስኳር አለባቸው፤ በየጠዋቱ ደግሞ አንድ መኪና ውስጥ ነን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ቀን ረጅም ነበር። እኔ ቤዝመንት ተዘጋሁ። ጋሼ ከሥራ ቀሩ። ልጃቸው ደረጃው ላይ ሰሃን አስቀምጣ «አር ዩ ኦኬ?» ብላ ትሮጣለች። በጣሪያው በኩል የእትዬ ስግደት ይሰማኛል፤ ጉልበታቸው ወለሉን ሲነካ እቆጥራለሁ። ክኒኗ እንደሆነች በልቤ ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ክኒኗን ለመናገር ጠዋት ጠዋት የማደርገውን መናገር ይኖርብኛል። አፌን ዘግቼ ተኛሁ። በኋላ ሳስበው ከሠራሁት ሁሉ የባሰው ይህ ነው።

መኪና ውስጥ ተቀምጬ አፍንጫዬን መረመሩኝ። ውጤቱ ነጻ ሆነ። «ታዲያ ምንሽ ነው?» ብለው እትዬ ራሳቸው የሐኪሟ ቢሮ ደወሉ፣ አስተርጓሚ ጠየቁ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። እኔ፣ እትዬና ጋሼ ማስካችንን እንዳደረግን ዙሪያውን ቆምን። ሌላ ሴት ነበረች የምታስተረጉመው።

«መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ነው ወይ የምትወስጂው? ትላለች ሐኪሟ።»

ማስኬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግሁ።

«ይሰማል? ከምግብ ጋር ነው?»

«ማታ ማታ አዎ።»

«ጠዋትስ?»

«እየጾምኩ ነው።»

«በስንት ውሃ ነው የምትውጪው?»

«በአንድ ጉንጭ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... እተኛለሁ።»

አስተርጓሚዋ ለሐኪሟ ስትነግራት ድምፅዋ ሲለሰልስ ሰማሁ። ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። ክኒኗ ጉሮሮዬ ላይ ቀርታ እየሟሟች አቁስላኛለች። ለጥቂት ቀን ማቆም፣ ለቁስሉ ሌላ መድኃኒት መውሰድ፣ ከዚያ ያለ ምግብ በፍጹም እንዳልውጥ። እትዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «ንገሪያት፣ እዚህ ቤት ምግብ ጠፍቶ አይደለም» አሉ። አስተርጓሚዋ «ነግሬያታለሁ እናቴ፤ እኔም ጾመኛ ነኝ» አለች።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ ማስካቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «እኔ እኮ ኑዛዜ ልጽፍ ነበር» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

«ይሄ ሁሉ ለብጉር ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ያቺን ቃል ስንት ቀን እንዳላመጥኳት አትጠይቂኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ኩሽና ስወጣ ለብ ያለ የአጃ አጥሚት በብርጭቆ፣ በሰሃን ተከድኖ ጠበቀኝ። «አባን ጠይቄልሻለሁ። ጠጥተሽ መድኃኒትሽን ዋጪ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ነገር ተከድኖ ይጠብቀኝ ነበር፤ ጉሮሮዬ ሲሻለኝ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ። ከሥራ ስመለስም ምሳዬ ቀርቧል። ግን አንድ ሰሃን ነው።

«እትዬ፣ አይቀርቡም?»

«አንቺ ብዪ። እኔ ቆይቼ።»

ወደ ውስጥ ይገባሉ። ወይም ልብስ ያጥፋሉ። አንድ ቀን ሁለት ቀን መስሎኝ ነበር። እስከ ፋሲካ እንዲሁ ሆነ። ያ ወንበር ላይ ብቻዬን፣ ግማሹን ጠረጴዛ ፀሐይ ይዛው፣ ምሳዬን ስበላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ለውበቷ ብላ ጾም ከፈታች ልጅ ጋር አልበላም ብለዋል። ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ቃሉ እስከ ጥርሴ ይመጣና ይመለሳል። እኔን ታውቂኛለሽ።

በፋሲካ እንደ ድሮው አጎረሱኝ፤ እኔ ግን እንደ ድሮው አላወራሁም። በበጋው ፊቴ ጠራ። ሥራ ቦታ ማስክ ቀረና ያቺ ልጅ ሙሉ ፊቴን አየችው፤ «እንዲህ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። በፀሐይ ግንባሬ ሲላጥ ጋሼ «ጥቁር ሰው ፀሐይ ላጠው ሲባል በኦሃዮ ሰማሁ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ልቤ ከዚያ ቤት ወጥቶ ነበር። የሥራ ቦታዬ ልጅ ጋሃና ያለው አፓርታማዋ አንድ ባዶ ክፍል እንዳለው ስትነግረኝ እሺ አልኳት። እትዬ በሩ ላይ ቆመው «ምን አጎደልንብሽ?» አሉኝ። «ለሥራ ይቀርበኛል ብዬ ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓመት ከምናምን አለፈ። በበዓል እሄዳለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ቤቱን ሸጠው ብርድ ወደሌለበት፣ ወደ ቴክሳስ ለመሄድ ወሰኑና ዕቃ ላግዝ ሄድኩ። ቅጠሉ የሚረግፍበት ወር ነበር። ጋራዡ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ካርቶን እናሽጋለን። እሷ በመሐል፣ ቴፑን በጥርሷ እየቆረጠች፣ «ማሚ ሺ ሚስድ ዩ ሶ መች፣ በጣም ናፍቀሻት ነበር» አለችኝ። «ያን ጾም ለአንቺ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እየጾመች፣ አንቺ ደግሞ ሙቭ አውት አድርገሽ ከቤት ወጣሽ።»

እጄ ካርቶኑ ላይ ቀረ። «ለእኔ?»

«ዩ ዲድንት ኖው? ጠዋት ስለምትበዪ፣ ያንቺን ሰዓት እሷ ጾማ ትሞላልሽ ነበር። አባ አያስፈልግም ብለዋት ነበር፣ ሲክ ስለሆንሽ፣ ስላመመሽ። ኖ አለች። አትንገሪያት ብላኝ ነው፤ ኢፍ ዩ ቴል፣ ከተነገረ ጾም አይሆንም አለችኝ።» ከዚያ ደንግጣ አየችኝ። «ፕሊዝ ዶንት ቴል ሄር፣ እንዳትነግሪያት።»

ወደ ኩሽና ገባሁ። እትዬ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆዎችን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ። ጠረጴዛው ተሸጦ ሄዷል፤ ቦታው ላይ አራት የእግር ምልክት ቀርቷል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ።»

«ወይ።»

ያኔ ልነግራቸው የፈለግሁት ብዙ ነበር። ነገር ግን ከነገርኳቸው የደበቁትን እወስድባቸዋለሁ። አንድ ጋዜጣ ስቤ እኔም ብርጭቆ መጠቅለል ጀመርኩ።

ዞር ብለው አዩኝና፣ የጋዜጣ ቀለም የነካው ጣታቸው እንዳይነካኝ በእጃቸው ጀርባ ጉንጬን ዳሰሱኝ።

«ጠባሳ እንኳን አልተወም» አሉ። «ተመስገን። በይ ያንን ትልቁን ብርጭቆ አቀብዪኝ።»

አቀበልኳቸው።