በአዴ ዲንቂቱ ግቢ ያለው ትራንስፎርመር

ትራንስፎርመር አይጮኽም፣ ያጉረመርማል። ግድግዳ አልፎ፣ ትራስ አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ይህን ክፍል የተከራየሁ ዕለት ዕቃዬን ከጋሪው ሳላወርድ የተቀበለኝ ያ ድምፅ ነው፤ ከሱ ጋር ፀሐይ የመታው የዘይት ሽታ። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል የተሰቀለውን ግራጫ ብረት ቀና ብዬ ሳየው፣ የግቢው ባለቤት የነበሩት አዴ ዲንቂቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበሩ ብቅ የሚሉ መሰለኝ።

የወላጆቼ ቤት የዚሁ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የገብስ ማሳና ከጭላሎ የሚወርድ ንፋስ ብቻ። ልጅ ሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲሰካ፣ የኛ አምፖል ውስጥ የምትቀረው አንዲት ቀይ ክር ነበረች። አባቴ "ይሄ መብራት ነው የሲጋራ ጫፍ?" እያለ ይነጫነጫል።

አዴ ዲንቂቱ ቤት ግን ማታውም ቀን ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ሰፈሩ መብራት እንዲገባለት የግቢያቸውን ጥግ ለምሰሶው ሰጥተው ነበር። እኔ ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ እሳቸው ቤት ሄጄ አነብ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ ከተማ መውጣት። መውጫው ፈተና ነው ብለውናል።

እሳቸውም መውጣት ይፈልጉ ነበር። ልጃቸው ወደ ቆላው ወርዳ ኦጎልቾ ከተማ ነው ያገባችው። እዚያ ሞቃት ነው፣ ጉልበታቸውን አይቆረጥማቸውም። ግቢውን ሸጠው ሊወርዱ አሰቡ። ገዢ ይመጣል፣ ጓሮውን ያያል፣ ግድግዳውን ይነካል፣ ከዚያ ቀና ይላል።

"እማማ፣ ይሄ ነገር አይፈነዳም?"

"እኔን እስካሁን አላፈነዳኝም።"

ሰውየው ስቆ ይሄዳል፣ አይመለስም። "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "አንቺ እዚህ ለመምጣት ትሮጫለሽ፣ እኔ ከዚህ ለመሄድ። ይሄ ብረት በሁለታችን ይስቃል።"

አንድ ቀን የመብራት ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የአሰላን ብርድ የሚራገም ቀጭን ሰው ነበር። አዴ ዲንቂቱ ቆሎ ሰጡትና ብረቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁት።

"ሁለት የሽቦ ጥቅል ነው እማማ፣ ዘይት ውስጥ የተነከረ። ዘይቱ ያቀዘቅዘዋል። በትልቁ መስመር የሚመጣው ኃይል ቤት ቢገባ ያነደዋል። አንዱ ጥቅል ይቀበላል፣ ሌላው ቀንሶ ለናንተ ይሰጣል።"

"ይነካካሉ?"

"አይነካኩም። መሃላቸው ያለው ብረት ማግኔት ሆኖ ያሻግራል። የሚያጉረመርመውም እሱ ነው።"

"ታዲያ የዚች ልጅ ቤት ለምን ይጨልማል?"

"መንገዱ ረጅም ነው፤ ሽቦው ራሱ ይበላዋል። እነሱ ጋ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው።" ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በጣቱ አሳየን። "እሷን አንድ እርከን ባዞራት ለሁሉም ከፍ ይላል፣ ጫፍ ያሉትም ያያሉ። ግን እርስዎ ሥሩ ነዎት፤ ይበዛብዎታል። አምፖል አይበረክትልዎትም።"

አዴ ዲንቂቱ እኔን አላዩኝም። ጉልበታቸውን እያሹ ምሰሶውን አዩት።

"አዙራት።"

"እማማ፣ ኋላ እንዳይቆጩ።"

"እኔ ምን አነባለሁ? መጽሐፍ ቅዱሴን እንደሆነ ቀን አነበዋለሁ። ቆሎዬን በልተህ ደግሞ ትከራከረኛለህ?"

መብራቱን አጥፍቶ አዞራት። ያን ዕለት ማታ ቀይዋ ክር ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ ነጭ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። እናቴ ግን ወዲያው "ከእንግዲህ በምሽት ምን ያስወጣሻል? መብራቱ ይኸውልሽ" አለችኝ። አለቀ። እኔ ቤት ቀረሁ፣ እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ። እሑድ እሑድ ቸርች በር ላይ ሳገኛቸው "አምፖሉስ?" እላቸዋለሁ። "ደግሞ ሞተ፣ ጌታ ይመስገን!" ብለው ይስቃሉ። በኋላ አምፖሉን ተዉትና ፋኖስ ያበሩ ጀመር። ሰፈሩን ሁሉ የሚያበራው ነገር አናታቸው ላይ ተሰቅሎ፣ እሳቸው ፋኖስ!

ግቢውን ገዢ አላገኙለትም። እዚሁ አረፉ። ልጃቸው አሁን ክፍሎቹን ታከራያለች፤ ከምሰሶው ሥር ያለው ርካሽ ነው፣ ማንም አይፈልገውም።

እኔ በዚያ መብራት አነበብኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም። ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ የሌላ ሰው ማስረጃ አባዛለሁ። ከመስመሩ ጫፍ ተነሥቼ መስመሩ ራስ ደረስኩ። ሩቅ አገር እሄዳለሁ ስል የሄድኩት ይሄንን ነው፤ ባጃጅ እንኳ አያስይዝም።

ከገባሁ ወዲህ አምፖል እየገዛሁ ነው የምኖረው። ባለፈው ሳምንት ፊውዝ ሊቀይር የመጣ ልጅ እግር ሠራተኛ መሰላሉ ላይ ሆኖ ጠራኝ።

"እህት፣ እዚህ ኃይሉ በዝቶብሻል። አንድ እርከን ላውርድልሽ?"

አውርድ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰልችቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ወላጆቼ ጋ ያለችው ታናሽ እህቴ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት።

"አትንካት!" አልኩት።

"ምን ያስቆጣሻል? ይቃጠልብሻል ብዬ ነው።"

"ሰምቻለሁ። ውረድ።"

ማታ አምፖሌ ቀጭ ብሎ ጠፋ። በሩ ላይ ቆሜ ወደ መንገዱ ጫፍ አየሁ፤ የወላጆቼ ቤት መስኮት በርቷል። ተመልሼ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ የቀረውን የአዴ ዲንቂቱን ፋኖስ አወረድኩ። መስታወቱ እሳቸው እንዳጠቆሩት ነው። አልወለወልኩትም፣ ለኮስኩት።