በየኔታ ጧፍ ያመካኘሁት ጭስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን በያዝሁ በሁለተኛው ሳምንት። እስካሁን ለጓደኞቼ ያወራሁት ግማሹን ብቻ ነው፣ የሚያስቀውን ግማሽ። ሌላውን ግማሽ ለማንም አልተናገርሁም። ዛሬ ልጻፈው።

ያደግሁት መራዊ ነው። አዲስ አበባ ስማር ቬፕ ለመድሁ። ለማያውቁት፣ በባትሪ የሚሠራ፣ እንፋሎት የሚያወጣ የሲጋራ ዘመድ በሉት። የእኔው እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ቤተሰቦቼ አያውቁም።

ሥራዬ በጣና ዙሪያ ካሉ ዓሣ አጥማጆች ጋር ነው። መስክ ከመውጣታችን በፊት ለአራት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል አስገቡን። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰኝ። በሩ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። አንብቤዋለሁ። ግን ይሄ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ጣሪያው ላይ ያለችውን ነጭ ክብ ነገርም አይቻታለሁ፤ ከቁም ነገር አልቆጠርኋትም።

ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ የመጡ አንድ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነበሩ። ሁሉም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው አንደኛው በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላኛውም ብዙ አያይም። ልጃቸው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ቤት አላት፤ ግን ቤቱ እየታደሰ ስለሆነ አቧራው ለዓይናቸው አይሆንም ብላ ነው ሆቴል ያስገባቻቸው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ መጀመሪያ ቀን ክንዳቸውን ይዤ ደረጃ ሳወርዳቸው።

ጠዋት ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር ያናድደኝ ነበር። እንቅልፌን ነው የሚነሱኝ።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነቃሁ። የዚያን ቀን ገለጻ አቅራቢዋ እኔ ነበርሁ። መስኮቱን ልከፍት አልሁና ትንኙን ፈርቼ ተውሁት። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ቬፑን ሳብሁ፣ ወደ ላይ ቡፍ አልሁ። ደግሜ ሳብሁ። አራተኛው ወይ አምስተኛው ላይ የጭስ አላርሙ ጮኸ።

ፎቁ በሙሉ ጮኸ ነው የምላችሁ። ቬፑን ካልሲዬ ውስጥ ከተትሁ፣ መስኮቱን በረገድሁ፣ ሽቶ ረጨሁ፣ ወጥቼ ሮጥሁ። የኔታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር። በአጠገባቸው አልፌ ነው የወረድሁት።

ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። አንዱ ጢሙን ግማሽ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ነው። አንዷ ፎጣ እንደጠመጠመች ወርዳለች። የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከሁሉም መጨረሻ ደረሱ።

የሆቴሉ ደወል ፎቁን እንጂ ክፍሉን አይለይም። ተረኛው እንግዳ ተቀባይ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ በየክፍሉ አየና ግማሹ ያለቀ ጧፍ ይዞ ተመለሰ።

«የኔታ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው ልጄ።»

«አብርተውት ነበር?»

«ዳዊት ስደግም አበራለሁ።»

«ኧረ አባቴ፣ በየትኛው ዓይንዎ ሊያነቡበት?»

«ዳዊቱንማ በቃሌ ነው። ጧፉ ለእኔ መች ሆነና።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «በጣቴ አጥፍቼው ነበር» አሉ። «እንግዲህ በደንብ አልጠፋ ብሎ ይሆናል። ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ከእንቅልፋችሁ ቀሰቀስኋችሁ።»

አስተባባሪያችን አጠገቤ ቆሟል። ቬፑ ካልሲዬ ውስጥ ቁርጭምጭሚቴን ይወጋኛል። ዝም ብል እንኳ በቂ ነበር። እኔ ግን ጮክ ብዬ «ሽማግሌ ሰው ብቻውን ክፍል ይሰጠዋል እንዴ? ነገ ያቃጥሉናል እኮ» አልሁ።

ልጃቸው በየጠዋቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዛላቸው ትመጣለች። ለካ ያኔ በሩ ላይ ደርሳ ኖሮ ሰማችኝ።

«ሰሙ አባባ?» አለቻቸው። «እኔ ስናገር ክፉ ነኝ። ይቺ የሰው ልጅ እንኳ ምን እንደምትል ሰሙ?»

ከዚያ ሁላችንም እየሰማን «ከእንግዲህ ቁንዝላ የሚባል ነገር የለም» አለች። «ብቻዎን ሣር ቤት ውስጥ ጧፍ እየለኮሱ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቤቱ ይዘጋል። እኔ ጋ ይቀመጣሉ።»

«ተማሪዎቼስ?»

«ሌላ የኔታ ይፈልጉ።»

እጃቸውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ ጣታቸውን እርስ በርሱ አሻሹ። ጧፉን ያጠፉበትን ጣት። «ለካ እጄም ደክሟል» አሉ። ከዚያ «እሺ» አሉ።

እኔ ወደ ክፍሌ ወጥቼ ልብሴን ለበስሁ፣ ገለጻዬን አቀረብሁ። ተጨበጨበልኝ።

በሻይ ሰዓት ክፍሌ ስገባ የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን በሬ ፊት ለፊት መሰላል ላይ ቆሞ የኮሪደሩን አላርም ይፈትሻል። እስከዚያ ድረስ፣ ማን ያውቃል፣ ጧፉ ይሆናል እያልሁ ነበር።

«ጧፍማ አይደለም» አለ ሳልጠይቀው። «ሦስት ቀን ሲያበሩ አንድም ቀን አልጮኸም። የሳቸው ክፍል ሰም ሰም ነው የሚሸተው።» ወረደ፣ መሰላሉን አጠፈ። «እንጆሪ የሚሸተው ያንቺ ነው።» መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በመስኮት ሳይ ልጃቸው ሻንጣቸውን ባጃጅ ላይ ትጭናለች። ደረጃውን እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። አስተባባሪያችንና ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ። ብጠብቅ ባጃጁ ሊሄድ ነው።

«እትዬ፣ ደወሉን ያስጮኽሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ቬፕ እያጨስሁ ነበር። የኔታ ምንም አላጠፉም።»

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ አባቷን አየች። «ያቃጥሉናል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ የኔታ ባጃጁ ውስጥ ሆነው። አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ዳሰሱት፣ አሸተቱት።

«ከረሜላ ነው?»

«አይደለም የኔታ። የሲጋራ ዓይነት ነው።»

«ይቺ ናት እንዲያ ያስጮኸችው?»

«አዎ።»

ቬፑን መለሱልኝ። ይቅር ይበልሽ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ልጃቸው ዞረው «እንግዲያ አጥፍቼው ነበር» አሏት።

እሷ ግን ሻንጣውን አላወረደችም። «የዛሬው ጧፉ ባይሆንም ያልሽው እውነት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ ስትይው እኮ ነው የባሰ የፈራሁት። አሁን ፍርሃቱን የት ላድርገው?» ባጃጁ ሄደ።

ከሥራዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ይገባኛል። እሱ አይደለም የሚያሳፍረኝ።

ከመስቀል በኋላ ለሥራ ቁንዝላ ሄድሁ። የዓሣ አጥማጆቹን የጀልባ ጉዳይ ጨርሼ የየኔታን ቤት አጠያየቅሁ፤ ቤቱ ተዘግቶ እንደማገኘው እርግጠኛ ነበርሁ። ከአጥሩ ሳልደርስ የልጆች ንባብ ሰማሁ። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፣ «አይደለም፣ መልሰህ በለው» ሲል። ለካ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ልቤ ደስ አለው። ልገባ በሩን ገፋሁ፤ አንጓጓ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ያቃጥሉናል ያልሁበትን ድምፅ ያውቁታል። በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ዘግቼ ሄድሁ።

ቬፑን አቆምሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላቆምሁም፤ ክፍል ውስጥ ግን አላጨስም። በሚቀጥለው ወር እንደገና ቁንዝላ እሄዳለሁ። የኔታ «ማነው?» ሲሉ ልመልስላቸው አስቤያለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ እየነደደ ነው።