ለውሻው የተነገረው

ሚልካይ ለመለከት የሚሆን ዛፍ ሲመርጥ መዳፉን ግንዱ ላይ ያሳርፋል። ሌሎቹ ሠሪዎች በመጥረቢያ ጀርባ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። እሱም ድሮ እንደዚያ ነበር። ምስጦቹ የባሕር ዛፉን ሆድ እስከየት እንደበሉት፣ ልቡ ባዶ ይሁን ገና በአፈር የተሞላ፣ በአንድ ምት ይለይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ግንዱን ይመታና መልሱን በእጁ ይጠብቃል። መዳፉን ከነዘረው ይቆርጣል። ያየው ሰው የአዋቂ ወግ ይመስለዋል፤ እሱም እንዲመስለው ይተወዋል።

ጆሮው እየሞተ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። ይዳኪ የሚባለውን ረጅም የእንጨት መለከት ሠርቶ፣ ራሱም ነፍቶ ሙት የሚሸኝ ሰው፣ አልሰማም ብሎ ለማን ይነግራል?

የእህቱ የዶርካ ልጅ የሞተው በዝናቡ ወራት ነው። ከዚያ ወዲህ፣ እንደ ሙት ሁሉ ወግ፣ ስሙ አይጠራም፤ «ያ ልጅ» ብቻ ይባላል። አስከሬኑ ከተማ ቆይቶ፣ ምድሩ ሲደርቅ በትንሽ አውሮፕላን ሊመጣ ሆነ። የቀብሩን ዜማ የሚመራው የልጁ አባት ታላቅ ወንድም ቡላንዲ ነው፤ ይዳኪውን ሠርቶ የሚነፋው አጎቱ ሚልካይ። ዜማውና ይዳኪው ካልተገጣጠሙ የሟች ነፍስ ወደ ወገኖቿ ውሃ የምትመለስበትን መንገድ ታጣለች። ቀርታ የት እንደምትንከራተት ማንም መናገር አይወድም።

«ትልቅ አድርገህ ሥራው፣» አለው ቡላንዲ፣ መኪናው ላይ ተደግፎ ሻዩን እየጠጣ። «ያ ልጅ ቁመተ ሎጋ ነበረ። በፉጨት አንሸኘውም።»

ሚልካይ ከንፈሩን አይቶ፣ ዘግይቶ ሳቀ።

«ምን ያፈዝሃል? ምስጡ ዛፉን ጨርሶ ወደ ጆሮህ ዞረ እንዴ?»

«ያንተን ዘፈን ሲሰማ የኖረ ጆሮ ምስጥ ባይበላውም ይታክተዋል።»

በዙሪያቸው የነበሩት ሳቁ። ሚልካይም አብሮ ሳቀና መጥረቢያውን አነሣ።

ዛፉን ቆርጦ አመጣና ዶርካ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጠ። ልጡን ላጠ፣ ውስጡን በረጅም ብረት እየጎረጎረ አፈሩን አራገፈ፣ አፉን በማር ሰም አለሰለሰ። ዶርካ በረንዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ነውር ነው። ልትነግረው የፈለገችውን ለውሻዋ ትነግራለች፣ እሱ ከጎን ሆኖ ይሰማል። መስማቱን የምታውቀው ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው። እንዲህ ሆነው አረጁ። የእናታቸውን መርዶ እንኳ የነገረችው ለውሻ ነው፤ ያ ውሻ ራሱ ከሞተ ቆየ።

ይዳኪውን ሲሞክረው ደረቱና ጥርሶቹ ነዘሩ። በዚያ ረክቶ ቀና ሲል የዶርካ ትከሻ ሲነቃነቅ አየ። እጇ የውሻውን አንገት ያሻል። እያወራች ነው። ስለ ልጇ ይሆናል አለ በሆዱ። በማግስቱም እንደዚያው። ዞሮ ከንፈሯን እንዳያይ እህቱ ናት። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የቀብሩ ዕለት ከቡላንዲ ጎን አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ዐይኑን ከቡላንዲ እጆች አልነቀለም። ሁለቱ የምት እንጨቶች ሲጋጩ እያየ፣ በአፍንጫው እየሳበ በጉንጩ እየገፋ ነፋ። ጨፋሪዎቹ ሣጥኑን ከበው ምድሩን ሲደቁት ቀዩ አቧራ ተነሣና እንጨቶቹ ጠፉበት። አላቆመም። ዕድሜውን ሙሉ የነፋው ዜማ ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ በልቡ ተከተለው።

ዐይኑን ሲገልጥ አቧራው ረግቧል። ጨፋሪዎቹ ቆመዋል። እንጨቶቹ በቡላንዲ ጉልበት ፊት መሬት ላይ ተጋድመዋል። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ብቻውን ምን ያህል እንደነፋ አላወቀም።

ቡላንዲ ይዳኪውን ነጥቆ፣ ከእንጨቱ አፍ ዝቅ ብሎ ምስጥ የበሳትን ቀዳዳ በጥፍሩ አሳየው። የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች። ፊቱ ላይ ስለጮኸ ሚልካይ ሰማው።

«ያፏጫል! እህትህ ለውሻዋ ስትናገር አልነበር? ‹እንጨቱ ይተነፍሳል፣ በሰም ይደፈን› እያለች! ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አንተ ጉሮሮህን ጠርገህ ዝም! የእናት ቃል ይናቃል?»

አልሰማሁም ማለት ነበረበት። ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰ። ግን ዙሪያውን ሲያይ፣ ጆሮው በደከመባቸው ዓመታት ሙታቸውን ነፍቶ የሸኘላቸው ሰዎች ቆመዋል፤ ባል የሞተባት፣ አባቱን የቀበረ። አሁን ቢናገር ሁሉም ወደየቤቱ ይዞት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ የእኛስ ሰው ደርሶ ይሆን?

«ረሳሁት፣» አለ ሚልካይ።

ቡላንዲ ምራቁን ተፋና እንጨቶቹን አነሣ። ያ ልጅ ያለ ይዳኪ፣ በደረቅ እንጨት ምት ብቻ ተቀበረ።

ማምሻው ላይ ሚልካይ ዶርካ ቤት ሄዶ ከጥላው ሥር ተቀመጠ። የተላጠው ልጥ አልተጠረገም። ዶርካ ጀርባዋን እንደሰጠችው ውሻውን ወደ እቅፏ ሳበችና መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች። ትከሻዋ ይነሣል፣ ይወድቃል። ትርገመው፣ ይቅር ትበለው፣ ወይም ልጇ አሁን የት እንዳለ ትጠይቀው፣ አላወቀም። ውሻው ግን ጆሮውን አቁሞ ሁሉንም ሰማ።

ስትጨርስ ቀጥ ብላ ቆየች። እየጠበቀች ነው።

ሚልካይ ጉሮሮውን ጠረገ።