በእስር ቤት የወረደብኝ ጽንስ

በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች የያዙኝ ከልደታ ማርያም ጀርባ ከነበረው ቤቴ ነው። ባለቤቴን ፈልገው መጥተው ሲያጡት፣ «እሱ እስኪገኝ አንቺ ትቆዪናለሽ» አሉኝ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ባለቤቴም አያውቅም፤ ልነግረው ስል ነው ቤት ማደር ያቆመው።

ያሰሩን በአንድ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበረ፤ ግድግዳው ረጥቦ የኖራና የሽንት ሽታ ይሸታል። ሁላችንም በጎናችን ካልተኛን ቦታ አይበቃንም። በግራዬ የምትተኛው አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ሲስተር እንላታለን። በቀኜ ደግሞ ልጃቸው ስለተሰወረ የታሰሩ አሮጊት ነበሩ።

አንድ ጠዋት ከጓሮ ውሃ ቀድተን ስንመለስ ወገቤን ቆረጠኝ። ቀጥሎም የወር አበባ ሊመጣ ሲል እንደሚያደርገኝ ከእምብርቴ በታች ያመኝ ጀመር። ልብሴን ሳይ ደም አለ። ለሲስተር በጆሮዋ ነገርኳት።

«ብዙ ነው?»

«ጠብ ጠብ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ሊወርድ ማስጋቱ ነው እንጂ ገና አልወረደም። እዚህ ላይ ቆሞ ጽንሱ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ደሙ ከበዛና ቁርጠቱ እየተመላለሰ ካየለ ግን የማህፀንሽ በር ተከፍቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ማንም አያቆመውም።»

«ባልዲውን ባልሸከም ኖሮ…»

«ባልዲው አይደለም» አለችኝ። «በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ጽንሱ ከአፈጣጠሩ ሳይስተካከል ሲቀር ነው። ወባና ኃይለኛ ትኩሳትም ያስወርዳሉ፤ አንቺ ግን ትኩሳት የለብሽም። በይ ራስሽን አትክሰሺ። እዚህ የሚከስሽ ሰው መች ጠፋ።»

ከጎናችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከቀትር በኋላ ወረደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተውልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አሮጊቷ እጄን አልለቀቁም። የረጋ ደም ከወረደ በኋላ ሕመሙ ቀለል አለልኝ፤ ደሙ ግን አልቆመም። እጅና እግሬ ቀዘቀዘ። ሲስተር የልቤን ትርታ ከእጄ ላይ ስታዳምጥ ቆየችና ተነሥታ በሩን ደበደበች።

ጠባቂው ከፍቶ አየኝ። «አስወርዳ ነው?» አለ። በዚያን ጊዜ ጽንስ ማስወረድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነበር።

«በራሱ የወረደ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ የቀረው ካልተጠረገ ደሟ ፈስሶ ያልቃል።»

«መድኃኒት ወስዳ ቢሆንስ?»

«ብትወስድም ሕክምናው ያው ነው፣ ጓድ። ሰው እየሞተች ነው። መኪና አስመጣ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ከበሩም ፈቀቅ አላለችም። ጠባቂው ሄዶ ከአለቃው ጋር ተመለሰ። አለቃውም ያንኑ ጠየቃት፣ እሷም ያንኑ መለሰች። በመጨረሻ ላንድሮቨር አመጡ።

ሆስፒታል ማህፀኔን ጠረጉልኝ። አሳድረው በማግስቱ መለሱኝ።

አሮጊቷ እኔ በሌለሁበት ወደ ቤታቸው መልእክት ልከው ኖሮ፣ ከምሳቸው ጋር አንድ ፔርሙስ አጥሚት መጣላቸው። ፈታሹ በር ላይ ቆሞ ክዳኑን ከፈተና አሸተተ።

«ማን ወልዶ ነው?»

«እሷ» አሉ አሮጊቷ ወደ እኔ እያመለከቱ። «አራስ ናት።»

«ልጁስ የታለ?»

«ልጁ ሞተ። እናትየዋ ግን አራስ ናት። በል ስጠኝ፣ ሳይቀዘቅዝ ትጠጣ።»

ሰጣቸው። በኩባያ ቀድተው ራሳቸው አጠጡኝ። እየጠጣሁ ሳለ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙን ድምፃችንን ውጠን አለቀስን።

ሲስተርን ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷት፤ ዳግመኛ አላየኋትም። እኔ ስፈታ ባለቤቴ መገደሉን ተረዳሁ። ለእሱ ለቅሶ ተቀመጥን። ስለ ጽንሱ የነገርኳቸው ዘመዶቼ ግን «ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ» ብለው አለፉት። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው፤ አልተቀየምኳቸውም።

ቪላው ፈርሶ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። እኔም አርጅቻለሁ። በዚያ በኩል ሳልፍ ስለ እስሩ ብዙም አላስብም። የማስበው ስም እንኳ ስላልወጣለት ልጄ ነው፤ ሰው ሆኖ የተለቀሰለት በዚያ ክፍል ብቻ ነበር።