ሽታዬ ባይሁም

የአዘዞዋ የእንግሊዝኛ መምህርት የሽታዬ አባት ስም ባይሁም አይደለም፤ አላምረው ነው። ባይሁምን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። አድራጊው ያልተጠቀሰበት ዓረፍተ ነገር በሰማች ቁጥር ጠመኔዋን ታነሣና «ባይ ሁም?» ትላለች፤ በማን? ማለቷ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስትል ስሙ ሥር ሰደደና አንድ አዲስ ርእሰ መምህር እውነት መስሎት የስብሰባ ጥሪ ላይ «ወይዘሮ ሽታዬ ባይሁም» ብሎ ጻፈላት። ወረቀቱን ይዛ ቢሮው ገባችና ማን እንደነገረው ጠየቀችው።

ነገሩ ክፍል ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። ጉሊት ላይ «ቲማቲሙ ዛሬ የተለቀመ ነው» ያለቻትን ሴት ማን እንደለቀመው ሳትጠይቅ አታልፍም። «ውሃ ይቋረጣል» የሚል ማስታወቂያ ካየች የሚያቋርጠውን ሰው ስልክ ቁጥር ትፈልጋለች። ባል አግብታ ነበር፤ እሱም ባመሸ ቁጥር «ተጠርቼ ነው» ማለት ስላበዛ አልዘለቁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትላለች፤ ተመንጥራ ስለምታውቅ።

የተመነጠረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጭልጋ፣ ከአይከል ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው፣ ከቤቱ ጓሮ ማገዶ ስትለቅም እናቷ አዛለች ከአጥር ማዶ ላለችው ጎረቤት «ሽታዬ እኮ በሳምንቱ ልትዳር ነው» ስትላት ሰማች። ድምፁ እንደ ምሥራች ከፍ ያለ ነበር። ልትዳር ነው። ማን ነው የሚድራት? ለማን? በማግሥቱ የገበያ ቀን ስለነበር ቤቱ ጭር ብሏል፤ የክት ቀሚሷ ታጥቦ ተጣጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቆሎ በጨርቅ ተቋጥሯል። ሁለቱንም አንሥታ ሮጠች። የጭነት ማኪና ላይ ተሳፍራ አዘዞ ስትወርድ የእናቷ እህት እንኳየሁ መንገድ ዳር ቆማ አገኘቻት። እግዜር ነው ያቆማት ትላለች ሽታዬ እስከ ዛሬ። አክስቷ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፤ ስትሞትም ቤቱን ተወችላት።

ለእናቷ ግን ልቧ አልተመለሰም። አባት ጨካኝ ቢሆን ወንድ ነው፤ የልጇን መሸጥ ለጎረቤት እንደ ሠርግ ዜና የምታበስር እናት ምን ትባላለች? አባቷ አምና ሲሞት ሁለት ቀን ለቅሶ ተቀምጣ ተመለሰች። እናቷንም አንቺ ማለት ትታ እንደ ባዕድ ሰው እርስዎ ነበር ያለቻት።

በዚህ ዓመት ታናሽ ወንድሟ ታሪኩ ከጭልጋ ደወለ። እማዬ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ጎንደር ልትታከም ነው፣ አንቺ ዘንድ ልታርፍ ነው አላት። ማን ወሰነ ብትለው እንዲያው ተባለ እንጂ አለ። ሽታዬ ነገሩ ወዲያው ሸተታት። ጦረው ሲሰለቻቸው ሊጥሉብኝ ነው አለች በልቧ።

ሕክምናው ደህና አለቀና አዛለች ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የሽታዬ ሳሎን መደብ ላይ ተቀመጠች። ልጇ ምግብ አቀረበችላት፣ መድኃኒት አንጠባጠበች፣ ከዚያ ውጭ እንደ ዘብ ትጠብቃት ጀመር። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስትጠይቅ ክረምቱን እዚህ ልትከርም ይሆን? ብላ ጠረጠረች። የጎረቤቱን ስም ስትጠይቅ ደግሞ ማንን ልታስማልድብኝ ነው? አለች። አንድ ቀን እጇን ስታስታጥባት ግራ አንጓዋ ጠምሞ እንደገጠመ አየች። ምን ሆኖ ነው? ብትላት፣ «ተሰበረ፤ ድሮ ነው» አለች አዛለች። ቲማቲም የለቀመውን ሰው የምትጠይቀው ሽታዬ ይህን በማን ብላ አልጠየቀችም።

ዓርብ ዕለት ለታሪኩ ደወለች። «እናታችን ሰኞ ልትመለስ ነው» አለችው። ማን አለ? ቢላት «ተወስኗል» ብላ ስልኩን ዘጋች። የገዛ ዓረፍተ ነገሯን ራሷ አልሰማችውም። አዛለች ግን ዓይኗ ቢሸፈን ጆሮዋ አልተሸፈነም።

ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤት ልጅ ኤልሳ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልታጠና መጣች። የዕለቱ ትምህርት «ኢዝ ቱ ቢ»፣ ሊደረግ ነው የሚለው አነጋገር ነበር። ሽታዬ ይህን ስታስተምር ፊቷ ይኮሳተራል። ጉዳዩ ተመክሮበት አልቋል ማለት ነው አለቻት፤ ዱለታው ተጠናቋል፣ የቀረው መፈጸሙ ብቻ ነው። ምሳሌ ስጪ ስትላት ኤልሳ ትንሽ አስባ «ሺ ኢዝ ቱ ቢ ሜሪድ ቱሞሮው» አለች።

«በአማርኛስ?»

«ነገ ልትዳር ነው።»

ሽታዬ ጠመኔዋን አነሣች። ከዚያ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ናት? ብላ ጠየቀች፤ «ልጅቱ» አለች ኤልሳ። አየሽ፣ ባለቤት ትባላለች እንጂ በነገሩ ምንም አታዝበትም አለች ሽታዬ። አድራጊውን ደብቀውታል፤ ሰው አድራጊውን የሚደብቀው ሲያፍርበት ነው። «ባይ ሁም?» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከመደቡ በኩል አዛለች ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። በማን ማለት ነው እማማ፣ አለቻት ኤልሳ።

«በአባቷ» አለች አዛለች።

ጠመኔው ሽታዬ እጅ ላይ ቀረ።

«በአባትሽ ነው የተቆረጠው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ለልጅቱ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ፤ ለጎረቤት እንዳትነግሪ ግን አላለኝም። ለምን ያን ያህል ጮክ ብዬ የተናገርሁ ይመስልሻል? ጓሮ ማገዶ ስትለቅሚ አይቼሽ ነው።»

ሽታዬ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ቀሚሱን ማን አጠበው?»

አዛለች ፈገግ አለች።

«ቆሎውንስ? እንኳየሁስ?»

«ላክሁባት። ከጧት ጀምራ ያለፈውን ማኪና ሁሉ ስታይ ውላለች።»

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉን የጠረጠረችው ሴት ያንን ቀሚስ፣ ያንን ቆሎና መንገድ ዳር የቆመችውን አክስቷን አንድም ቀን አልጠረጠረችም። ተነሥታ ከእናቷ አጠገብ ሄደችና የጠመመውን እጅ ያዘች። «እጅሽስ፣ እማዬ? በማን?»

«አባትሽ ማን አስመለጣት አለኝ። ጠፋች አልሁት። ደግሞ ጠየቀኝ። ጠፋች አልሁት።»

ሽታዬ አለቀሰች። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም? አለች። እሱ እያለ ለእንኳየሁ ፈራሁላት አለች እናቷ፤ እሱ ከሞተ ወዲያ ደግሞ ማን ጠየቀኝ?

ኤልሳ ደብተሯን ቀስ ብላ ሰበሰበች። አዛለች ጨርቅ የሸፈነውን ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሰኞ ልመለስ ነው ሲባል ሰማሁ። ማን ነው የሚመልሰኝ?»

ሽታዬ እጇን ሳትለቅ በሌላ እጇ ስልኩን አነሣችና ለታሪኩ ደወለች። ሰኞ እንዳትመጣ አለችው፤ እማዬን አልመልሳትም። ታሪኩ ግራ ገባው። ትናንት ተወስኗል ብለሽኝ አልነበር እንዴ፣ ደሞ ዛሬ ማን ቀየረው? አላት።

«እኔ» አለች ሽታዬ።