ሽማግሌ የተላከብኝ ሕክምና

እኔን ፍሬን መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የለመድኩት። ዛሬ መርሳ ከተማ ላይ ቆሜ ከወልድያ በኩል የሚመጣ አይሱዙ ገና ሳላየው፣ በድምፁ ብቻ የፍሬን ሸራው ማለቁን እነግርሃለሁ። ጉራ ነው የሚል ካለ መኪናውን ይዞ ይምጣ። ቀልድም አውቃለሁ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰው አስቄ ስንቴ ተቆጥተውኛል።

እንዲህ ያለሁት ሰውዬ ጉድጓድ መውረድ አቃተኝ።

ጉድጓዱ የጋራዣችን ነው። መኪናው ከላይ ይቆማል፣ አንተ ከሥር ገብተህ ትሠራለህ። ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ፣ ከባድ መሣሪያ ሲጮህ፣ ሚስቴንና ልጄን ይዤ እዚያ ገባሁ። ከላያችን የጭነት መኪና ቆሟል። ምድሩ በተናጠ ቁጥር የሚወድቅብን እየመሰለኝ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት። የጭነት መኪና፣ በእጅ! ጉልበቴን ተመልከትልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ግን ጎማ ሲፈነዳ እጄ ብድግ ይላል፤ መንገድ መሀል ይሁን ገበያ መሀል አይመርጥም። በር ጓ ካለ ቤቱን በጩኸት አናውጠዋለሁ። ልጄ በር ስትዘጋ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ ፊቴን እያየች ሆነ። ይሄን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። በገዛ ቤቷ!

ሚስቴ ናት ወልድያ ሐኪም ቤት የላከችኝ። እዚያ የጠበቀችኝ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ ሥራዋ ሰው እያናገሩ ማከም ነው። እኔ ደግሞ ቀልዴን አወረድኩባት። የሾፌሩን፣ የትራፊኩን፣ ያለኝን ሁሉ። ሳቀች፣ ጨዋ ናት። ሳቋን ስትጨርስ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ቀልድ ባይኖር ኖሮ አሁን ምን ይነግሩኝ ነበር?» አለችኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ! ብድግ ብዬ ወጣሁና በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁት። ድምፁ ራሴን አስደነገጠኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እጄን ሰቅዬ ቀረሁ። ምን ይደረግ፣ ተመልሼ ገባሁ።

በየሐሙሱ መመላለስ ጀመርኩ። ክኒን ሰጥታ የምትሸኘኝ መስሎኝ ነበር፤ የሰጠችኝ የቤት ሥራ ነው። መጀመሪያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ መቆም። ቀጥሎ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ። ከዚያ መኪና ሳይኖር መውረድ። አንዳንዱን ሳምንት ወደ ኋላ እመለስና በራሴ እበግን ነበር። ለፋሲካ ግን ታች ወርጄ ፍሬን ፈታሁ። ያን ቀን ማን ይቻለኝ!

ይሄኔ ሰዉ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ድነህ የለ? ከእንግዲህ ምን ያመላልስሃል?» ሐኪሜ ደግሞ፣ ጉድጓዱ ቀላሉ ነበር፣ ገና ነን ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጉድጓዱን ስንጨርስ ንዴቴ ብቅ አለ። እሱን ጦርነት አላመጣውም፤ አባቴም ሲቆጣ የያዘውን ይወረውር ነበር፣ እኔም እወረውራለሁ። ከመወርወሬ በፊት አንዲት ትንፋሽ መውሰድ ለመማር ስንት ወር ፈጀብኝ። ፍሬን እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም።

ጋራዡን የምንሠራው ከሚስቴ ወንድም ጋር ነው። የኔን ወልድያ መመላለስ ሾፌሮች ሰምተው «ጭንቅላቱን የታመመ ሰው ፍሬን ያስራል?» ማለት ጀመሩ፤ አንዳንዱም መኪናውን ወደ ሌላ ጋ ወሰደ። ወንድምዬው ፈራ። ፈርቶ ለእኔ የነገረኝ መሰለህ? ሄዶ ሽማግሌ ሰበሰበ። ምን ብሎ? «ከእህቴ ጋር ተጣልቶ የቤቱን ገመና ወልድያ ላለች ሴት ያወራል፣ አስታርቁልኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው፣ አንዱ ጎረቤታችን ሐጂ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው። ወንድምዬው ከኋላቸው።

«ቤቶች!» አሉ። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ አባ። «እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

ሽማግሌ አልቀመጥም ካለ እኛ አገር ነገሩ አልቋል። እሺ ትላለህ፣ ይቀመጣሉ፣ ይመርቁሃል።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«ከባለቤትህ ታረቅ። ወልድያ መሄዱንም ተው።»

ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። «ማን ነው ከማን የተጣላው?»

«አንቺ ዝም በይ፣ ለአንቺው ነው» አላት ወንድሟ።

«ለእኔ? ባሌ በር ሲዘጋ መጮኽ ያቆመው እዚያ መሄድ ከጀመረ ነው! አንተ ስትመጣ ጠይቀኸኛል?»

እጄ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ይዟል። አየሁት። አስቀመጥኩት። ንዴቱ ግን የትም አልሄደም።

አባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ምን ሆንኩ? ለእኔ ስትነግረኝ ኖረህ የለም? ለማታውቃት ሴት ምን ብለህ?»

«አባ፣ ለእርስዎ ኃጢአቴን ነው የነገርኩት። ፍርሃቴንም ነግሬዎት ነበር። ‹ወንድ አይደለህም? በርታ› አሉኝ። በረታሁ። በርትቼ ልጄን በገዛ ቤቷ አስበረገግኳት። እርስዎም ሐጂ፣ ‹አልሐምዱሊላህ በል፣ ተርፈሃል› አሉኝ። አልኩ። እንዴት እንደተረፍኩ ሁሉም ጠየቀኝ። እንዴት እንደምኖር የጠየቀችኝ ያቺ ልጅ ናት። እሺ አልልም። ቢቆሙ ይቁሙ!»

ይሄን ያልኩት እየጮህኩ ነው። ሽማግሌ ላይ!

ሐጂ የጉልበት ሕመም አለባቸው። ግድግዳውን ይዘው ዝቅ፣ ዝቅ ብለው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«ሐጂ!» አሉ አባ። «እሺ ሳይል?»

«ወላሂ፣ ምን እንበለው? ያልነውን አድርጓል እኮ፤ አልሆነለትም።»

አባ ግን አልተቀመጡም። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። እስካሁንም ስንገናኝ ፊታቸው ከፋ ይላል፤ እኔም ከፋ ይለኛል። ወንድምዬው፣ «ደንበኛ ሲያልቅ ያቺ ልጅ ታበላሃለች!» ብሎኝ ተከተላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጋራዡን ስዘጋ አንድ ሾፌር ሚኒባሱን አምጥቶ ገተረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘመድ ጥየቃ ነው፣ ዕቃ ግዢ ነው እለው ነበር።

«ሐኪሜ ጋ እየሄድኩ ነው፣ ወልድያ። የጭንቅላት። ነገ በጠዋት ና።»

«ውይ፣ አመመህ እንዴ?»

«አሞኝ ነበር። እየታከምኩ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በቃ እግዜር ይማርህ» አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ፍሬኑ ሲጮህ ይሰማኛል፤ የኋላው ግራ ሸራ አልቋል። አዙሮ ወደ ሌላ ጋራዥ ታጠፈ።

መኪና ተሳፍሬ፣ መንገድ ላይ እስካለችው ሲሪንቃ ድረስ ስበግን ሄድኩ። የተሳፈረው ሰው ሁሉ፣ ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚጣላው ብሎ ሳያየኝ አልቀረም። ወልድያ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ስሜ ተጠራ፣ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ።

«ዛሬስ እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ዛሬ ቀልድ የለም» አልኳት። «ንዴት ብቻ ነው ያለኝ። ከሽማግሌዎቹ ልጀምርልሽ።»